ቀያዮቹ ታኮዎች

ኦይቫ መኪና በክሪክ ከማንሳቱ በፊት የሚላት ነገር ነበረችው። ጸሎት አትባል እንጂ ከጸሎት አታንስም። «ፍሬን፣ ታኮ፣ ማላላት፣ ማንሳት፣ ጎማ ከስር።» የእጅ ፍሬኑ መያዙን፣ ታኮው ከማይነሳው ጎማ ፊትና ኋላ መግባቱን፣ ብሎኖቹ መኪናው ገና መሬት ላይ እያለ መላላታቸውን፣ ከዚያ መኪናው መነሳቱን፣ በመጨረሻም የተፈታው ጎማ ከመኪናው ሆድ ስር በጎኑ መጋደሙን ሳያረጋግጥ እጁን ወደ ውስጥ አይሰድም። ክሪኩ ቢከዳ መኪናው ጎማው ላይ ያርፋል እንጂ ሰው ላይ አያርፍም። በሃፓላህቲ መንደር በዚህ ያልሳቀበት ሰው የለም። ጎረቤቱ ኬይዮ «ጎማ እየቀየርክ ነው ወይስ ልጅ እያጠመቅክ?» ይለው ነበር። ኦይቫ ሁሉንም ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ጣቶቹን እንደያዘ አርጅቷል። ኬይዮ አንድ ጣት ይጎድለዋል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን የኦይቫ ድርሻ አልነበሩም፤ የሚስቱ የላህያ ነበሩ። እሱ መሬት ላይ ተንበርክኮ «ፍሬን?» ይላል፤ እሷ እጇን በበሩ ሰድዳ ትስብና «ተይዟል» ትላለች። «ታኮ?» «ገብቷል፣ ጌታዬ።» ጌታዬ የምትለው ለማላገጥ ነው፤ የዚያ ቤት ጌታ ማን እንደነበረ ሁለቱም ያውቁታል። ታኮዎቹን ከበርች እንጨት የጠረባቸው እሱ ነው። ማገዶ መስሏት አንዱን ምድጃ ውስጥ የማገደችው ደግሞ እሷ ናት። ኦይቫ ያን ቀን እስኪመሽ አኩርፎ ዋለ። ምትኩን ሲጠርብ እሷ ቀለም አምጥታ ሁለቱንም ቀይ ቀባቻቸው፤ ከዚያ ወዲህ ማንም በማገዶ አሳስቷቸው አያውቅም።

ላህያ ከሞተች በኋላ አምስቱንም ለብቻው ይላቸው ጀመር። ጠያቂውም እሱ፣ መላሹም እሱ። መጀመሪያ ላይ ድምፁን ሲሰማ ሆድ ይብሰው ነበር፤ እየቆየ በልቡ ብቻ ይላቸው ጀመር።

የዚያን ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ዳሩን ስስ በረዶ ይዞ አደረ። ልጁ ሜርያ የመኪናዋን ጎማ ልታስቀይር ከካያኒ ከተማ ትመጣለች። ኦይቫ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ባለምስማሮቹን የበረዶ ጎማዎች ከዕቃ ቤት አንድ በአንድ አንከባሎ አወጣቸውና ግድግዳው ላይ አስደገፋቸው። የቱ የየት እንደሆነ በጠመኔ ጽፎባቸዋል፤ የጻፈው ባለፈው የበረዶው መቅለጫ ላይ ነው፤ ጽሑፉን ሲያየው የራሱ እጅ መሆኑን አውቆ ደስ አለው። በዚህ ሰሞን እንዲህ ያለ ነገር ደስ ያሰኘዋል። ሜርያን ከአሥራ ስምንት ዓመቷ ጀምሮ ጎማ የቀየረላት እሱ ነው። ባል አገባች፣ ባሏን ፈታች፣ መድኃኒት ቤት ተቀጠረች፣ ሄልካን ወለደች፤ ጎማው ግን ሁልጊዜ የኦይቫ ነበር።

ይህኛው ቅያሪ ግን እንደ ድሮው አልነበረም። ሐኪሙ የአንጎሉን ፎቶ አስነስቶ አይቶ፣ ሰዓት ሳል፣ የወራቱን ስም ወደ ኋላ ቁጠር እያለ ካንገላታው በኋላ መንጃ ፈቃዱን ወስዶበታል። ባለፈው የጎማ ቅያሪ ጊዜ ሜርያ እዚሁ ግቢ ቆማ፣ ዓይን ዓይኑን እየሸሸች፣ ካያኒ ለአረጋውያን የተሠራ ቤት ውስጥ አንድ ክፍል እንዳለ ነገረችው። ንጹሕ ነው፤ ምግብ ያቀርባሉ፤ ከእሷ ቤት በእግር ይደረሳል። ኦይቫ የያዘውን መፍቻ አስቀምጦ እጁን ዘረጋላት።

«ጎማሽን በደንብ መቀየር እስከቻልኩ ድረስ ከዚህ ቤት አልወጣም። ያቃተኝ ቀን ራሴ እነግርሻለሁ። ተስማማን?»

ሜርያ እጁን ጨበጠችው። እንደ ከብት ገበያ ጨዋታ ነበር፤ ሁለቱም ሳቁበት። ግን ጨዋታ እንዳልነበረ ሁለቱም ያውቁታል። እሱ ቃሉን የሚበላ ሰው አይደለም፤ ቤቱን ደግሞ ይወደዋል። ሳውናው፣ ጀልባው፣ ላህያ የተከለችው የፖም ዛፍ፣ ሁሉም እዚያ ነው። ስለዚህ በዚያ ቅዳሜ ግድግዳ ተደግፎ የቆመው ጎማ ብቻ አልነበረም።

ሜርያ ረፋዱ ላይ ደረሰች። ግቢው ወደ ሐይቁ ትንሽ ዘንበል ያለ ነው። መኪናዋን ዕቃ ቤቱ ፊት አቆመች፣ ማርሽ አስገባች፣ የእጅ ፍሬኑን ግን አልሳበችም። እዚህ ውርጭ ከገባ በኋላ የእጅ ፍሬን የሚስብ ሰው የለም፤ እርጥበት ይገባበትና በረዶ ይሆናል፣ ጠዋት መኪናው ንቅንቅ አልል ይላል። ይህን ያስተማራት ራሱ ኦይቫ ነው፤ ገና መንጃ ፈቃድ እንዳወጣች የኋላ ጎማዎቿ ደርቀው ከሥራ የቀረች ዕለት የተናገራትን እስከ ዛሬ አልረሳችውም። ማርሽ ይበቃል። ጎማ ሲቀየር ብቻ ነው የማይበቃው፤ ያን ጊዜ ፍሬኑን የሚስበው ቀያሪው ነው።

ሄልካ ሮጣ አያቷን እግሩ ላይ ተጠመጠመችበትና ወዲያው እየበረደኝ ነው አለች። ሜርያ ልጇን ይዛ ወደ ቤት ገባች፤ ቡና ላፍላ፣ ፑላ የሚሉትን ጣፋጭ ዳቦም ጋግሬ መጥቻለሁ አለችው። ብቻውን ሊተወው እንዳልፈለገች ከአረማመዷ ያስታውቃል። ደረጃው ላይ ዞር ብላ አየችው፤ እሱም ስራሽን ስሪ ብሎ በእጁ ሸኛት።

ሳንቃውን ከክሪኩ ስር አነጠፈ፣ ጠጠር ላይ ክሪክ ይሰምጣልና። ከኋላ ቀኝ ጀመረ። ብሎኖቹን አላላ፣ መኪናውን አነሳ፣ የወጣውን ጎማ ከስር አጋደመ፣ አዲሱን ገጠመ፣ አወረደ፣ በመፍቻው ላይ ክብደቱን ጥሎ አጠበቀ። እጁ ያውቃል። ሰው ሁሉ ስለ ጭንቅላቱ ያወራል፤ ስለ እጁ ግን ማን ጠየቀው? በዚያ ሐኪም ቤት አንድ ጎማ አምጥተው ቀይር ቢሉት ኖሮ መንጃ ፈቃዱ ዛሬም ኪሱ ውስጥ ነበር። እንዲህ እያለ በልቡ ሐኪሙን ሲሞግት ወደ ኋላ ግራ ዞረ። እዚያም ሁሉም ቀና። አዲሱን ጎማ ገጥሞ ብሎኖቹን በጣቱ አስነከሰ፣ መኪናውን አወረደ፣ መፍቻውን አነሳ። ያን ጊዜ ሜርያ በሩን ከፍታ ቡናው ደርሷል፣ ሳይቀዘቅዝ ና አለችው።

ገባ። ፑላው ሄል በዝቶበት ልክ የላህያ ዓይነት ነበር። ሄልካ ስለ ትምህርት ቤቷ ድመት ረጅም ታሪክ አወራችው። የድመቷ ስም ሁለት ጊዜ ጠፋበት፤ ልጅቱ ሁለቱንም ጊዜ ሳትቆጣ ነገረችው። ሲወጣ ሞቆት፣ ሆዱ ሞልቶ፣ ልቡ ቀሎት ነበር። ቀጥታ ወደ ፊት ቀኙ ሄደ።

ይህኛው ጎማ ቸርኬው ዝጎ ተጣብቋል። ብሎኖቹን አላልቶ፣ መኪናውን አንስቶ፣ ብሎኖቹን ከፈታ በኋላም ጎማው አልወጣ አለው። በእግሩ ረገጠው፤ ሁለት ሦስቴ ሲደግመው ለቀቀ። አጋድሞ ከመኪናው ስር ገፋው። አዲሱን ሊያመጣ ወደ ግድግዳው ዞር እንዳለ ከኋላው ብረት በጠጠር ላይ ሲንሸራተት ሰማ። ዘወር ሲል መኪናው ወደ ሐይቁ አቅጣጫ ዝም ብሎ እየሄደ ነው። ክሪኩ ዘመመ፣ ከቦታው ሾለከ፣ መኪናው ወደቀ። ያጋደመው ጎማ ላይ አረፈና ቆመ።

ኦይቫ ክው ብሎ ቀረ። እጁ እዚያ ውስጥ ነበር፤ አሁን፣ ገና ከአፍታ በፊት።

ምን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ አላሰበም። ማርሽ የሚይዘው የፊት ጎማዎችን ነው፤ ከፊት አንዱ ከተነሳ ማርሹ ምንም አይዝም። የኋላ ጎማዎች ሲነሱ ምንም ያልሆነው ለዚህ ነው። የእጅ ፍሬኑ አልተያዘም። ታኮ የለም። ወደ ዕቃ ቤቱ አየ፤ ሁለቱ ቀያይ ታኮዎች ጠዋት ካስቀመጣቸው አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ጎማ ከስር የምትለዋን፣ የመጨረሻዋን፣ እጁ ሳይጠይቀው አድርጓታል። ማላላቱንና ማንሳቱንም አድርጓል። የረሳው ሁለቱን የላህያን ነው። መሬት ላይ ተንበርክኮ ከራሱ ድርሻ ጀመረ፤ የእሷ ድርሻ እንደ ድሮው በእሷ የተሠራ መሰለው። ይህን ሲያስተውል ከድንጋጤው ይልቅ ይህ አንጀቱን በላው።

በሩ ተከፈተ። ሜርያ ካልሲ ብቻ አድርጋ ደረጃው ላይ ቆማለች።

«አባ፣ ምንድን ነው የወደቀው?»

«ጎማ አመለጠኝ።»

ሜርያ በጎኑ የተጋደመውን ክሪክ አየች። መኪናው ወዴት እንደሄደም አየች።  የኦይቫን የጎማ ጫማ ከደረጃው ስር አንስታ አጠለቀችና ወርዳ የመኪናዋን በር ከፈተች። ጓንቴን ልፈልግ ብዬ ነው አለች። ጎንበስ ስትል ቀር ቀር ቀር የሚል ድምፅ ወጣ። ኦይቫ ያን የእጅ ፍሬን ድምፅ ዕድሜውን ሙሉ ያውቀዋል። ቀና ስትል ጓንት በእጇ አልነበረም።

«አላገኘሽውም?»

«ቤት ረስቼው ይሆናል» አለች። «እኔም እንዳንተ ዝንጉ ሆኛለሁ።»

ይህን ያለችው ልታቀለው ነው፤ ሁለቱም ግን አልሳቁም። ኦይቫ ታኮዎቹን አመጣና ከኋላ ጎማው ፊትና ኋላ በመዶሻ መትቶ አስገባቸው። ሜርያ ወደ ቤት አልተመለሰችም። መጥረጊያ አንስታ ከመኪናው ጥቂት እልፍ ብላ የረገፈ ቅጠል ትጠርግ ጀመር፤ ውርጭ የያዘው ቅጠል ከመሬቱ ጋር ተጣብቆ አልጠረግ ይላታል፣ እሷ ግን አልተወችም። እሱ መኪናውን እንደገና አንስቶ የፊቶቹን ጨረሰ። 

ሲሰናበቱ እንደ ደንባቸው «ቤት ስትደርሺ ብሎኖቹን እንደገና አጥብቂያቸው» አላት። አዲስ የገባ ጎማ መንገድ ላይ ይረጋል፤ ሁለተኛ መጠበቅ አለበት። ሜርያም እንደ ደንቧ «እሺ አባ፣ ደርሼ እደውላለሁ» አለችው። ከኬይዮ ቤት እንቁላል ወስጄ ነው የማልፈው ብላ ጨመረች። መኪናው ባለምስማር ጎማው ጠጠሩን እየጫረ ወጣ። ሄልካ በኋላው መስታወት እጇን አውለበለበች።

ኦይቫ ዕቃውን ሰበሰበ። መፍቻውን ሚስማሩ ላይ ሊሰቅል እጁን እንዳነሳ ቆመ። ጎማዎቹን በልቡ ዞራቸው። የፊት ግራ፤ ሲያጠብቅ መፍቻው ትንሽ አዳልጦት ክንዱን አሞታል። የፊት ቀኝ፤ ታኮዎቹን ካስገባ በኋላ ነው ያጠበቀው። የኋላ ቀኝ፤ ሐኪሙን እየረገመ። የኋላ ግራ። ገጠመው፣ አወረደው፣ መፍቻውን አነሳ። ከዚያ ምን? ከዚያ የሚያስታውሰው የፑላውን ጣዕም ነው።

ምናልባት አጥብቆት ይሆናል። ዕድሜውን ሙሉ ሲያጠብቅ የኖረ እጅ ዛሬ ምን ሆኖ ይተዋል? ግን ይኸው እጅ ዛሬ ፍሬን ሳይዝ መኪና አንስቷል።  ቤት ገብቶ ስልኩን ፈልጎ ደወለ። ይጠራል፤ አይነሳም። ሲነዱ ስልክ አይነሳም ብሎ ያስተማራት እሱ ነው፤ ይህን አልረሳችለትም። ልጅቱ ከኋላ ነው የተቀመጠችው፤ በግራ በኩል።

እንቁላሉ ትዝ አለው። ኬይዮ ቤት ትቆማለች። ጠጠሩ መንገድ ሐይቁን ዞሮ ነው የሚሄደው፤ በእግር ግን የጥዱን ጫካ ሰንጥቆ አስፋልቱ ጋ የሚያደርስ አቋራጭ አለ። የቤት ነጠላ ጫማውን እንደተጫማ ወጣ። ጭንቅላቱ የፈለገውን ቢረሳ እግሩ ያን መንገድ አይረሳውም። ሥሩን እየተሻገረ፣ ቅርንጫፍ ፊቱን እየገረፈው ሮጠ፤ የእሱን ዕድሜ ሩጫ ሮጠ። የሚላትን መንገድ ላይ ደጋገመው፤ ሜርዬ፣ ማጥበቄን አላስታውስም። ይህን ካላት በኋላ የሚሆነውን ያውቀዋል። ቤቱ ያኔ አበቃ። ቢሆንም ይነግራታል፤ ስለዚህ ለአፍታም አላመነታም።

ጫካው ሊያልቅ ሲል መኪናውን አየው። ኬይዮ ቤት አልደረሰም። መጋጠሚያው ላይ፣ ድሮ የወተት ጋኖች ለጫኚው የሚደረደሩበት አሮጌ የሳንቃ መደብ አጠገብ ቆሟል። ሄልካ መደቡ ላይ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች። ሜርያ ከፊት ጎማው አጠገብ ተንበርክካለች፤ ከጉልበቷ ስር ያጠፈችው የስፖንጅ ምንጣፍ አለ። በእጇ የያዘችው ልኩ ሲደርስ ቀጭ የሚለውን ቁልፍ ነው። ኦይቫ ያን መሣሪያ አይወደውም፤ እጅ የሌለው ሰው መሣሪያ ነው ብሎ እንዳትገዛ የከለከላት እሱ ነው። ሊጠራት አፉን ከፈተ፤ ድምፅ ከአፉ ከመውጣቱ በፊት ሄልካ ተናገረች።

«እማ፣ አያቴ አላጠበቀውም?»

«አጥብቆታል። እኔ እየተለማመድኩ ነው።»

«ሁልጊዜ እዚህ ነው የምትለማመጂው።»

«አዎ» አለች ሜርያ። «እዚህ መሬቱ ጥሩ ነው። ለአያትሽ ግን አንነግረውም፣ እሺ?»

ኦይቫ ከጥድ ጀርባ እንደቆመ ቀረ። ሁልጊዜ። ባለፈውም፣ ከዚያ በፊትም። ያን ጊዜ ነው ሌላው ነገር የመጣለት፤ ኬይዮ ዶሮዎቹን ካረደ ቆይቷል። ቀበሮ አስቸግሮት ሁሉንም ያረዳቸው ዕለት ኦይቫ ራሱ አብሮት ሲገነጥል ውሎ ሁለቱን ይዞ ገብቷል። እንቁላል የለም። ሜርያ ይህን ታውቃለች። እሱ እንደማያስታውሰውም ታውቃለች። ካያት ነገር ሁሉ ይህ ነው ወሽመጡን የቆረጠው።

አየሩ ጸጥ ያለ ነበር፤ ቁልፉ ሲጮህ ጥርት ብሎ ይሰማል። የፊት ግራ፤ ገና ስትይዘው ቀጭ፣ ቀጭ አለ፤ ሁሉም ጠብቀዋል። ኦይቫ በእያንዳንዱ ቀጭታ አንገቱን ይነቀንቃል። የፊት ቀኝ፤ እንዲሁ። ምንጣፏን አንስታ ወደ ኋላ ቀኝ ሄደች፤ ያም ጠብቋል። ከዚያ ወደ ኋላ ግራ መጣች፤ ይህኛው ጎን ወደ ጫካው የዞረ ነው፣ ፊቷ ሙሉ ይታየዋል። ቁልፉን ብሎኑ ላይ አስገብታ ገፋች። ቀጭ አላለም። ዞረ። እንደገና ገፋች፤ ዞረ። ሜርያ ቁልፉን ለቃ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

 ከዚያ አንድ በአንድ አጠበቀቻቸው፤ ቀጭታው ሲመጣ ዘግይቶ፣ ከብዙ መዞር በኋላ መጣ። የመጨረሻው ሲጮህ ግንባሯን ጎማው ላይ አስደግፋ አለቀሰች። ሄልካ ከመደቡ ሆና አለቀ ወይ ስትላት፣ አዎ አለቀ፣ አፍንጫዬን ብርድ መታኝ አለቻት።

ኦይቫ ወጥቶ ሊያቅፋት ፈለገ። አንድ እርምጃም ተራመደ። ግን ወጥቶ ምን ሊል ነው? ይህን ያህል ጊዜ የደበቀችለትን ነገር እንዳየ ካወቀች የምታፍረው እሷ ናት፤ ልጁን ያውቃታል። ደግሞ እውነቱን ለመናገር እሱም አፍሯል፤ ነጠላ ጫማው በስብሷል፣ ካልሲው ጭቃ ነው፣ ፊቱ በእንባ ርሷል። መኪናው ተነስቶ ወደ አስፋልቱ እስኪወጣ ጠበቀ። ከዚያ ሄዶ የወተት መደቡ ላይ፣ ሄልካ የነበረችበት ቦታ ተቀመጠ። መሬቱ ላይ ጉልበቷ ያረፈበት ያስታውቃል።

ወደ ቤት ሲመለስ በቀስታ ነው የተራመደው። ዝም ማለት ይችላል። ማንም አላየውም። ሜርያ ዝም ትላለች፤ በሚቀጥለውም ፑላ ጋግራ ትመጣለች፣ ጓንት ትፈልጋለች፣ እንቁላል ልውሰድ ትላለች፣ እዚህ ትንበረከካለች። እሱም በቤቱ ይኖራል። ፖም ዛፉም፣ ሳውናውም፣ ሁሉም እንዳለ። ይህ ሐሳብ አሳሳተው አይባልም፤ ግን እውነት ነው፣ ጥቂት አብሮት ተራመደ። ሐሳቡ ጥሎት የሄደው ግቢው በር ላይ ነው፤ ዕቃ ቤቱ ፊት፣ የመኪናው የጎን ብረት ጎማው ላይ ባረፈበት ቦታ ጠጠሩ ተገፍቶ ተከምሯል። ሜርያ እዚህም መጋጠሚያው ላይም አይታለች፤ ሁለቱንም ጊዜ ዝም ብላለች። ጭነቱን የተሸከመችው እሷ ናት፤ እሱ ልርዳሽ እንኳን አላላትም።

ስልኩ የጠራው የማታው ዜና ከመጀመሩ በፊት ነው። ሜርያ በሰላም ደርሰናል፣ ሄልካ መንገድ ላይ ተኝታ ነበር አለችው።

«ብሎኖቹን አጠበቅሻቸው?»

«አጠበቅኳቸው።»

«ዞሩ?»

ሜርያ ሳትዘገይ መለሰች። «አንዱም ንቅንቅ አላለ፣ አባ። እጅህ እንደ ድሮው ነው።»

ኦይቫ ዓይኑን ጨፈነ። በሕይወቱ ብዙ ሰው ዋሽቶታል፤ እንደዚህ በፍቅር የዋሸው ግን ላህያና ይህች ልጅ ብቻ ናቸው።

«ጥሩ» አለ። «እንግዲህ በረዶው ሲቀልጥ ጎማ ቤት ውሰጂው። እኔ ወገቤን አሞኛል።»

እንደምትከራከረው ጠብቆ ነበር። አረ አባ፣ ወገብህ ይሻልሃል፣ ማን እንዳንተ ያደርገዋል ትለኛለች ብሎ መልሱን ሁሉ አዘጋጅቷል። ሜርያ ግን አልተከራከረችም። ከወዲያኛው በኩል የሰማው ትንፋሽ ብቻ ነው፤ ሰው ከባድ ነገር መሬት ላይ ሲያሳርፍ የሚያወጣው ትንፋሽ። ከዚያ ለቅሶ ተከተለ፤ ልትደብቀው ሞከረች፣ አልቻለችም።

«ቃሌ ነው» አላት። «ራሴ እነግርሻለሁ ብዬሽ አልነበር?»

«ብለኸኛል።»

«ያ ክፍል ያልሽው፣ መስኮቱ ወዴት ነው የሚያየው?»

«ሐይቁ አይታይም፣ አባ። የመኪና ማቆሚያውን ነው የሚያየው።»

«ይሁን። ፍሬን ሳይዝ የሚሄደውን አያለሁ።»

ሜርያ በእንባዋ መካከል ሳቀች። ኦይቫ ግን አልሳቀም። ምድጃው አጠገብ ነው የተቀመጠው፤ ታኮዎቹን ከዕቃ ቤት አምጥቶ ጭኑ ላይ አድርጓቸዋል፣ ጭቃቸውንም በጨርቅ ጠርጎታል። ቀይ ቀለሙ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ተልጧል፤ አንዱ ላይ የላህያ የአውራ ጣት አሻራ አብሮ ደርቆ ቀርቷል።

«ሜርዬ፣ እዚያ የራስ ዕቃ ይዞ መግባት ይፈቀዳል?»

«ይፈቀዳል። ምን ልትይዝ?»

«ሁለት ታኮ» አለ። «ማገዶ መስሏቸው እንዳይጥሉብኝ ንገሪያቸው።»

 ሜርያ እነግራቸዋለሁ አለችው፤ ቅዳሜም እመጣለሁ አለች።